ሳይቀመስ የተመለሰው ብስኩት

«የሷ አይደለም» አለ አባቷ፤ ብስኩቱንም ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ታናሽ ልጁ ቆጣሪ ሳህኑን እንደያዘች ፊቱ ቆማ ቀረች። የትናንቱ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ስለቀረ ሲመልሰው አልተከራከረችውም። የዛሬው ግን ጠርዙ ጠይም ብሏል፣ ሽታው ደኅና ነው፣ መልኩም ሰው ፊት የሚቀርብ ነው።

«አባዬ፣ አንዴ ብትቀምሰው ምን አለበት?»

«የሷ አይደለም አልኩሽ እኮ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዓይኖቹ ማየት ካቆሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሲከፋው ወደ መስኮት መዞሩን ግን አልተወም።

ሊያጽናኑ የመጡት ሰዎች ከየጎረቤቱ በተሰበሰቡ፣ አንዱ ከሌላው በማይመሳሰሉ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ያማስላሉ። አክስቷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ በምልክት ጠራቻት።

«እንግዲህ ሰውዬው ልጁን ሊከተል ቆርጧል» አለች በሹክሹክታ። አክስት ሹክሹክታዋ መንገድ ድረስ የሚሰማ ሴት ናት።

እንዲህ መሆን የጀመረው ከቀብሩ ቀን አንስቶ ነው። ታላቅ ልጁ የሞተችው ሱቋ ውስጥ ነበር። ቁልፍ ቀራጭ ነበረች። ከሰዓት በኋላ የአንዱን ደንበኛ ቁልፍ ማሽኑ ላይ አስራ፣ ትንሽ አረፍ ልበል ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ሻይ ይዞላት ሲገባ አልመለሰችለትም። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ከዚያ ወዲህ አባት ሾርባም፣ ዳቦም፣ ሩዝም አልፈልግም አለ። የሚቀበለው ሟቿ ከመሞቷ በፊት ጋግራ በቆርቆሮ ያስቀመጠችውን የአጃ ብስኩት ብቻ ነው፤ ወተት ውስጥ ነክሮ። ዛሬ ቆርቆሮው ውስጥ የቀሩት ሁለት ናቸው። ጠዋት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ደግሞ ጉልበቱ ከድቶት ግድግዳ ተደግፎ ነው የተረፈው።

«እህቴ ብስኩቱ ላይ ምን እንደምታደርግበት ማወቅ አለብኝ» አለች ቆጣሪ።

«ማር ነው» የሚል ድምፅ መጣ ከኋላቸው። ከላይኛው ፎቅ የወረደችው ጎረቤት ነበረች፤ ባዶ ፔርሙዝ ታቅፋለች። «ስኳሩን ቀንሳ ማር ታደርግበታለች። ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። ለሰው እንዳትነግሪ ብላኛለች፤ ይኸው የሞተ ሰው አይቀየምም ብዬ ነው።»

«ማር!» አለች አክስት። «ማር እዚህ ቤት የሚገባው ጉንፋን ሲገባ ነው። ቅቤውን ነው የምታሳርረው። በጣም አይደለም፣ እስኪቀላ። ለእኔ ነው የነገረችኝ።»

ጫማ ሰፊው ከሳሎኑ ብርጭቆዎች ሰብስቦ ሲገባ ወሬውን ሰማ። «ጨው ነው» አለ።

«ጨው?»

«ጨው። ሱቅ ስንበላ ‹ምን አድርገሽበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?› ብላት ‹ጨው› አለችኝ። ለማንም አልተናገርኩም ብላ…»

«አዎ፣ አዎ፣ ላንተ ብቻ» አለች አክስት። «ይቺ ልጅ ለሁሉም ለየብቻ ስትነግር መቼ ቁልፍ ትቀርጽ እንደነበር እንጃ!»

ቆጣሪ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘችው፤ ማንም ግን አልተቆጣትም።

ቆጣሪ ያሏት በሥራዋ ነው። በሌላ ከተማ የውሃ ቆጣሪ ታነባለች፤ በየሰዉ ግቢ ትገባለች፣ ክዳን ታነሳለች፣ ተንበርክካ ቁጥር ታያለች። ከሥራው ይሁን ከተፈጥሮዋ አይታወቅም፣ ክዳን ያለው ነገር ካየች ሳትከፍት አታልፍም። እህቷ «አንቺን ቤት ከማስገባት ሌባ ማስገባት ይሻላል፤ ሌባ ቢያንስ ጥያቄ አይጠይቅም» ትላት ነበር።

ስለዚህ ከአክስት፣ ከላይኛዋ ጎረቤትና ከጫማ ሰፊው በቀር ሌሎቹ ሲሄዱ የእህቷን ወጥ ቤት እንደ ሥራ ያዘችው። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። የማሩን ጠርሙስ ብርሃን ላይ ያዘችው፤ ማንኪያ የገባበት በቅርቡ ነው። የጎረቤቷ እውነት ነበር። የትንሿ ድስት ቂጥ ላይ የተቃጠለ ቅቤ ቀለበት ሠርቷል። አክስትም አልዋሸችም። ኦቭኑን ከፍታ ጭንቅላቷን አስገባች። ከኦቭኑ በላይ፣ ከሌሎቹ ድስቶች ተነጥሎ ለብቻው የተሰቀለ ብረት መጥበሻ ነበር። ዘይት ነክቶት አያውቅም። አሸተተችው።

«አክስቴ! አጃውን ትቆላዋለች!»

«ምን?»

«ደረቁን! ሊጥ ሳይሆን በፊት ትቆላዋለች። ነይ አሽቺው!»

አክስት አሸተተች። መጥበሻውን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች ቆየችና «ሽታዋ ነው» ብላ አለቀሰች። «ቀሚሷ ሁሉ ይሄን ነበር የሚሸተው፤ እኔ የሳሙና ይመስለኝ ነበር።»

ቆጣሪ አጃውን በእሳቱ ላይ ስታማስል እህቷን አሰበቻት። ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎ የምትስቅ ሴት ነበረች። እናታቸው ከሞተች በኋላ ቆጣሪን ያሳደገቻት እሷ ናት። ብስኩት ለሁለት ስትከፍል ትልቁን ቁራሽ ለታናሿ ትሰጥና «አይተሻል? ሌላ ቀን እንዳትከሺኝ» ትላለች። አንድ ደንበኛ ነበራት፣ የቤቱን ቁልፍ በየጊዜው የሚጥል። አንድ ቀን «ይሄኛውን ጥርስህ ላይ ልበይደው? እሱን እንኳ ስትዛጋ ካልሆነ አትጥለውም» አለችው። ሰውዬው ትናንት መጥቶ፣ ያቺን ቀልድ ደጋግሞ እያወራ ሲያለቅስ ነው የዋለው።

ሦስተኛው ዙር ብስኩት ከኦቭኑ ወጣ። የተቆላ አጃ፣ የቀላ ቅቤ፣ ማር፣ ቁንጥር ጨው። የሁሉም ምስጢር ገብቶበታል። የላይኛዋ ጎረቤት አንዱን ነክሳ ማኘኳን አቆመች።

«እሷ ናት» አለች። እንባዋን ጠርጋ ደግሞ «ማሩ ነው፣ ብያችሁ ነበር» ብላ ጨመረች።

አክስት ቀምሳ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ጫማ ሰፊው ሁለት በላ። ቆጣሪ ሳህኑን ይዛ አባቷ ጎን ተንበረከከች። እጁን ዘርግቶ አንዱን አነሳ። አገላበጠው። መልሶ አስቀመጠው።

«የሷ አይደለም።»

«አባዬ! አፍህ ውስጥ እንኳ አላስገባኸውም!»

«ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ካልገባ ማዞር ምን ያደርጋል?» አለ።

ይሄን ያለው ተቆጥቶ አልነበረም። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው። ቆጣሪ ግን እንደተንበረከከች ቀረች። ትናንትም አልቀመሰም። ዛሬ ጠዋትም አልቀመሰም። እሷ ሽታና ጣዕም ስታሳድድ፣ ሰውዬው ውሳኔውን የሚጨርሰው ከአፉ በፊት ነው። በምን?

ለማንም ሳትናገር ተነሳች። ከቆርቆሮው ከቀሩት ሁለት አንዱን አውጥታ ከራሷ ብስኩቶች መሃል ቀላቀለችውና ሳህኑን መልሳ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«አሁን ደግሞ ምን አመጣሽ?»

«ያው ነው። ካልፈለግህ ተወው።»

እጁ ሳህኑ ላይ ወረደ። አንዱን ነክቶ አለፈ። ሌላውን ነክቶ አለፈ። ከዚያ ቆመ። አውራ ጣቱ የአንዱ ብስኩት መሃል ላይ አረፈና ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ አለ፤ ሰው የተኛ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ።

«ይቺ» አለ። ወተቱ ውስጥ ነክሮ በላት።

ቆጣሪ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ቆጫት። አንድ ቀረ።

የመጨረሻውን ብስኩት መስኮት ላይ ወስዳ አየችው። መሃሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ይሄን ድሮም ታውቀዋለች። ለበዓልና ለእረፍት ስትመጣ የማርማላታ ቦታ ይመስላት ነበር፤ አንዴማ «ማርማላታው የታለ?» ብላ ጠይቃ፣ እህቷ «አባትሽ በላው» ብላት ሁለቱም ስቀው ነበር። አሁን ብርሃኑን ወደ ጎን አድርጋ ስታየው ጉድጓዱ ልሙጥ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ጠማማ ክር የመሰለ ነገር ከፍ ብሎ ያልፍበታል። ስንቱን በልታለች፤ አንዱንም አላየችውም።

በማግስቱ ጠዋት ብስኩቱን በመሐረብ ጠቅልላ ወደ ሱቁ ሄደች።

ሱቁ ቁም ሣጥን ያህላል። ግድግዳው ሙሉ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች ተሰቅለውበታል፤ በሩ ሲከፈት በነፋሱ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይንጫጫሉ። እህቷ ያልጨረሰችው ቁልፍ እንደታሰረ ማሽኑ ላይ አለ፤ ግማሹ ጥርስ አውጥቷል፣ ግማሹ ልሙጥ ነው። ቆጣሪ እሱን ላለማየት ዞራ በጋራ ግድግዳቸው በኩል ያለውን ጫማ ሰፊ ጠራችው።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብስኩቱን ዓይኑ ሥር አስገባው።

«ይቺማ ጣቷ ናት» አለ።

«የቱ ጣቷ?»

«አውራ ጣቷ ነዋ። ጠባሳው። አታውቂውም እንዴ?»

ጠባሳውን ታውቀዋለች። ማሽን ነው ተብላለች፤ እንዴት እንደሆነ ግን እህቷ «የድሮ ነገር ነው» ብላ ታልፈው ነበር፤ እሷም ይሄን አንድ ነገር ሳትጠይቅ ቀርታለች። ጫማ ሰፊው ወስፌውን አስቀምጦ ነገራት።

«ሱቁ ገና የአባትሽ ሳለ፣ ዓይኑ መድከም ሲጀምር ደብቆን ነበር። እሷን ሥራ የሚያስተምራት አስመስሎ በሷ ዓይን ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን ቁልፍ እያሰረች ሳለ፣ እጇን ያነሳች መስሎት ማሽኑን አስነሳው። የሚዞረው ምላጭ አውራ ጣቷን እንዲህ፣ በአግድም ሰነጠቃት። ሸሚዙን ቀዶ ጣቷን ጨብጦ እስከ ሐኪም ቤት ድረስ አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲያ ማሽኑን ነክቶ አያውቅም። ሱቁን አስረከባት።»

«እህቴ አልነገረችኝም።»

«ለማንም አልነገረችም፣ እሱን ላለማሳፈር። እሱ ግን ሊተዋት ነው? ማታ ማታ ‹ጣትሽን አሳዪኝ› ነው። ‹አባዬ፣ ድኗል።› ‹አሳዪኝ።› ዓይኑ ጭራሽ ከጠፋ በኋላ ደግሞ በመዳሰስ። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት አለፈ፣ ጥያቄው አያልቅም። አንድ ቀን እዚሁ ተቀምጠን ብስኩት ይዛ መጣች። ‹እንካ! ጣቴ ይኸውልህ፤ ብላውና ይውጣልህ!› አለችው። ለካ ሊጡ ላይ አትማው ኖሯል። ዳሰሰ፣ ዳሰሰ፣ ከዚያ ሳቀ። ጋሼ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጣቷ ሲጠይቃት አልሰማሁም። ብስኩቱን ግን ሳይዳስስ አይበላም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ታውቅ ኖሮ ትናንት ጨው ነው ትለኛለህ?»

«እናንተ የጠየቃችሁኝ ምን እንደምትጨምርበት ነው» አለ ጫማ ሰፊው ቅር ብሎት። «ይሄ ደግሞ ከሷ የተቀነሰ ነው።»

ሁለቱም ብስኩቱን አዩት። ከዚያ ጫማ ሰፊው ያሰበውን ቆጣሪም ያኔውኑ አሰበችው። ቁልፍ ቤት ውስጥ ቆሞ ሌላ ነገር ማሰብ ከባድ ነው።

«ቁልፍ ከቁልፍ ይቀረጽ የለ?» አለ።

ክር የሚያሽበትን ሰም ከመሳቢያው አወጣ፣ በእጁ አሽቶ አለሰለሰው፣ የብስኩቱን ጉድጓድ ሞላበት። እስኪጠነክር ጠበቁ። ቀስ አድርጎ ሲስበው ሰሙ እምቢ አለ። ትንሽ ጠንከር አድርጎ ሳበ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

በጫማ ሰፊው ጣቶች መሃል የእህቷ አውራ ጣት ቆሞ ነበር፤ ከነስንጥቁ፣ ቢጫ ሆኖ። ጠረጴዛው ላይ ግን ብስኩቱ ፍርፋሪ ሆኗል።

«እኔን ይድፋኝ!» አለ ጫማ ሰፊው።

ቆጣሪ ፍርፋሪውን አንድም ሳታስቀር ወደ መሐረቧ ጠረገች። «ጣቷ ከተገኘ ምን አለ» አለች፤ ማንን እንደምታጽናና ግን አላወቀችም።

ቤት ገብታ አጃ ቆላች፣ ቅቤ አቀላች፣ ሊጡን አድበልብላ ትሪው ላይ ደረደረች፤ በእያንዳንዱ መሃል የሰሙን ጣት ጫነች። ለአክስቷና ለላይኛዋ ጎረቤት ነገሩን ነገረቻቸው። ብስኩቱ ሲደርስ ሁሉም ሳሎን ገብተው በአባት ዙሪያ ቆሙ፤ ጫማ ሰፊውም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበር። ሊያስነጥስ የዳዳው ሰው እንኳ አፍንጫውን ይዟል።

አባት አንዱን አነሳ። አውራ ጣቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ጠማማዋን መስመር አገኛት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አክስት የቆጣሪን ክንድ ጨብጣ ያዘች።

ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውን አነሳ። ሦስቱንም ጭኑ ላይ ደርድሮ እንደገና ዳሰሳቸው። ከዚያ ትከሻው ተነቃነቀ። እያለቀሰ መስሏቸው ነበር፤ ግን እየሳቀ ነው።

«ማነው የቀረጸው?» አለ።

አክስት ዞራ ጫማ ሰፊውን አየችው።

«ጥሩ እጅ ነው። ጫማ ሰፊው ነህ? ትንፋሽህ ማስቲሽ ይሸታል።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ምን አጠፋህ? ቆንጆ ቅጂ ነው። ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። የሰው ጣት ሁለቴ አንድ ዓይነት ሆኖ አይጫንም። የሷ አንዱ ይጠልቃል፣ አንዱ ይጣመማል። ቸኩላ የጋገረች ቀን ዳሩን ብቻ ነክታ ታልፋለች። ደንበኛ ያናደዳት ቀን እስከ ታች ትበሳዋለች።» ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀ። «ሲከፋት አትነግረኝም። በዚህ ነበር የማውቀው።»

ቀጥሎ «አንድ ቀርታ አልነበረም?» አለ።

ቆጣሪ መሐረቧን ከኪሷ አወጣች። «ተሰበረች፣ አባዬ። ሰሙ ይዟት መጣ።»

አክስት ግንባሯን መታች። አባት ግን መዳፉን ዘረጋ። ቆጣሪ ፍርፋሪውን አፈሰሰችለት። የሌላ እጁን ጣት ምራቁን አስነክቶ፣ ፍርፋሪዋን አንድ በአንድ እያነሳ ይቀምስ ጀመር። አልቸኮለም። የላይኛዋ ጎረቤት እንኳ ስለ ማር አላነሳችም። መዳፉ ባዶ ሲሆን እንደገና ዳሰሰው፤ የቀረ አልነበረም።

«አንቺስ?» አለ።

«እኔ ምን?»

«ጣት የለሽም?»

ቆጣሪ አልገባትም ነበር። የገባት አክስት በክርኗ ስትጎስማት ነው። «ሂጂ እንጂ! ምን ትገተሪያለሽ!»

ትንሽ ሊጥ ተርፏል። አድበለበለችው። አውራ ጣቷን አየችው፤ የብረት ክዳን በማንሳት ጥፍሩ የተሸራረፈ፣ ሰፊ ጣት ነው። ሊጡ ላይ አሳረፈችው። ትሪውን ካስገባች በኋላ ኦቭኑ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ የቆጣሪ ቁጥር እንደምታነብ ሁሉ፣ በመስታወቱ ስታይ ቆየች። ጠርዙ ጠይም ሲል አላስቻላትም፤ በስስ ጨርቅ ትሪውን ሳበችው። አውራ ጣቷን አቃጠላት። ሳትናገር አፏ ውስጥ ጨመረችው።

ብስኩቷ በረድ ስትልላት ይዛ ገባች። አባቷ ተቀበላት። አውራ ጣቱ ጉድጓዷ ውስጥ ተቀመጠ፣ ዞረ፣ ቆመ።

«ፈርተሽ ነው የጫንሽው» አለ።

«አዎ።»

ብስኩቷን በግራ እጁ እንደያዘ ቀኙን ዘረጋ። «ጣትሽን አሳዪኝ።»

እጇን ሰጠችው። ከእጅ አንጓዋ ጀምሮ እየዳሰሰ ወደ ላይ ሄደ፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ እጇ ሸሸች።

«ምንድነው?»

«ትሪው ነው። ትንሽ ነው፣ አባዬ፤ ይድናል።»

«ነገም ታሳዪኛለሽ» አለ። እጇን ሳይለቅ፣ በሌላው እጁ ብስኩቷን ወተቱ ውስጥ ነከራት።